ማሽኑ የለቀቀው ቤት

የቤት ደላላ በየትኛውም አገር ቢሆን ጉድለትን በስሙ አይጠራም። ጠባቡ ቤት «ለአያያዝ የሚመች» ነው፤ ጨለማው «ጸጥ ያለ» ነው፤ ታክሲ የማይደርስበት ሰፈር «ነፋሻማ» ነው። «ውኃ አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ቧንቧ ገብቷል» ብሎ የሚመልስ ደላላ ያላጋጠመው ማን ነው? ቧንቧ ገባ ማለት ውኃ መጣ ማለት እንዳልሆነ የምንረዳው ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የኒውዮርክ ደላላ ግን ከዚህ ደረጃ አልፏል። ጉድለቱን አይሸፍንም፤ መብራት አብርቶበት ዋጋ ይለጥፍበታል። ግድግዳው አልተለሰነም? «የጥንቱ ጡብ እንዳለ ነው» ይላል። ቧንቧው ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ይታያል? «የኢንዱስትሪ ዘመን ውበት» ነው። ወለሉ የማሽን ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል? «ታሪክ ያለው ወለል» ነው። ክፍል የሚባል ነገር የለም? «ነጻነት ያለው አኗኗር» ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከፋብሪካነት ወደ መኖሪያነት የተዛወረ ቤት «ሎፍት» ይሉታል። የሕንፃው አናት ላይ ከሆነ ደግሞ «ፔንትሃውስ» ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ማስታወቂያ ላይ ከተገናኙ፣ አንባቢው ዋጋውን ከማየቱ በፊት ወንበር ቢስብ ይሻለዋል።

ከነዚህ ሁሉ አንቱ የተባለው ብሩክሊን ውስጥ፣ በማንሃተን ድልድይ ሥር፣ ዳምቦ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ባለሰዓቱ ሕንፃ ነው። በፈረንጆቹ 1914 ሲሠራ የካርቶን ፋብሪካ ነበር። በ1998 ወደ መኖሪያነት ተለወጠ፤ በ2009 ደግሞ የማማው ቤት በ25 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ስፋቱ ከ600 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ፣ መሐሉን የመስታወት ሊፍት ይመላለስበታል። በአራቱም አቅጣጫ እንደ መስኮት የሚያገለግሉት የማማው ሰዓቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከአራት ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው፣ ከመስታወት የተሠሩ፣ እውነትም የሚቆጥሩ ሰዓቶች። ባለቤቱ ሶፋው ላይ ተንፈላስሶ በሁለቱ ጠቋሚዎች መካከል ማንሃተንን ይመለከታል።

ሐበሻ ገዢ ቢመጣ ደላላው ሊነግረው የሚገባ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ከቤት ውስጥ ያለ ሰው ሰዓቱን የሚያየው ከጀርባው ስለሆነ ጠቋሚዎቹ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት። ጠዋት ከመንገድ ለሚያየው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሳሎን ለሚያየው ጠቋሚው ሦስት ላይ ነው። ፈረንጁ እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል፤ የኛ ሰው ግን ምንም አይለውም፤ የፈረንጅ ዘጠኝ ድሮም ለእሱ ሦስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላም ውጪ ሦስት ሲል ውስጥ ዘጠኝ ይላል፤ ይኼም ልክ ነው። ሌሊቱንም ከጨመርነው በቀን አራት ጊዜ የብሩክሊን ሰዓት በሐበሻ ይቆጥራል ማለት ነው። በቀረው ጊዜ ለሐበሻው አይሆንም፤ ቢሆንም ለቀጠሮ ያለንን አክብሮት ስናስበው በቀን አራት ጊዜ ልክ መሆን አይናቅም።

የዚህን ቤትና የመሰሎቹን ፎቶግራፍ በስልኬ ለአክስቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ተመለከቱና፣

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

«አልቋል እኮ፣ እቴቴ።»

«ምኑ አለቀ? ግድግዳው አልተለሰነም።»

«እንዲታይ ብለው ነው።»

«ኮርኒስ የለውም። ሽቦው፣ ቧንቧው ሁሉ ተንጠልጥሏል።»

«እሱም እንዲታይ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝ። «ሰውየው ገንዘብ አጥሮት ነው፣ ልጄ። አንተ ደግሞ የሰው ችግር ይዘህ እየዞርክ ታሳያለህ!»

በአክስቴ አይፈረድም። ያሁኑ ቤታቸው ሲጀመር ጭቃው ያልተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮው እንዳለ የሚታይ ነበር። መጀመሪያ አቡጀዲ ወጠሩበት። ዕቁብ ሲደርሳቸው ኮርኒስ አስገቡ። ከዐረብ አገር ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ግድግዳው ተለሰነ፤ ለሠርጓ ደግሞ ቀለም ተቀባ። የሕይወታቸው ዕድገት በሙሉ የሚለካው በመሸፈን ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ልስኑን አራግፈው ኮርኒሱን ቢያነሡት ዋጋው እጥፍ ይሆናል» ቢላቸው፣ ጸበል ይዘውት የሚሄዱ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ነገሩን የሀብታም ቅብጠት ብሎ ማለፍም አግባብ አይደለም። ቤቱ እውነትም ጥሩ ቤት ነው። ጣሪያው ሩቅ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ጽኑ ነው። ጥያቄው ይህን ያህል ጥሩ ቤት መጀመሪያ ለማን ተብሎ ተሠራ የሚለው ነው።

የፋብሪካው ባለቤት ሮበርት ጌር የሚባል ስኮትላንድ የተወለደ የወረቀት ከረጢት አምራች ነበር። በ1879 የአዝርዕት ዘር መያዣ ከረጢት ሲያሳትም፣ ወረቀቱ ላይ የማጠፊያ መስመር እንዲያወጣ የተገጠመ ብረት ከቦታው ይንሸራተትና ከረጢቱን ይቆርጠዋል። ሌላ አሠሪ ቢሆን የተበላሸውን ከሠራተኛው ደመወዝ ቆርጦ ነገሩን ይዘጋው ነበር። ጌር ግን ቆም ብሎ አሰበ፤ አንድ ማሽን በአንድ ምት መቁረጥም፣ የማጠፊያ መስመር ማውጣትም ከቻለ፣ ካርቶን ጠፍጣፋ እንደሆነ ተመርቶ፣ ጠፍጣፋ እንደሆነ ተጭኖ፣ ዕቃ ሲገባበት ብቻ ይታጠፋል ማለት ነው። ዛሬ መርካቶ የጫማ ካርቶን በአንድ እጁ ከፍቶ የሚያቆመው ልጅ የዚያን ቀን አደጋ ወራሽ ነው።

ጌር በካርቶን ከበረ። የብሩክሊንን ወንዝ ዳር በፋብሪካ ላይ ፋብሪካ ሞላው፤ ሰፈሩም በስሙ «ጌርቪል» እስከመባል ደረሰ። ወረቀት በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ ሕንፃዎቹን ያስገነባው በፌሮና በኮንክሪት ነው። የዛሬው ደላላ «ያልተነካ ኮንክሪት» እያለ የሚያቆላምጠው ያን ጊዜ የእሳት ሥጋት ነበር።

ሌላውም ጌጥ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ መነሻው አንድ የማሽን ፍላጎት ነው። የያኔዎቹ ፋብሪካዎች መስኮታቸውን ያሰፉት ለወንዙ ትዕይንት ብለው አይደለም፤ አምፖል ባልነበረበት፣ ኋላም ውድና ደካማ በነበረበት ዘመን ማሽን የሚያሠራው የቀን ብርሃን ነው። ጣሪያውን ያራቁት ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግና የቆዳ ቀበቶ ከላይ ስለሚሄድ ነው። ወለሉን ያጸኑት ማተሚያው ቶን በቶን ስለሚመዝን፣ ግድግዳ ያላበዙት ዕቃ ከጫፍ ጫፍ እንዲገፋ፣ መኪና የሚያስገባ የሚያህል ሊፍት ያቆሙት ጥቅሉ እንዳይታጠፍ ነው። አሠሪው ማሽኑን ያስቀየመበት አንድም ቦታ የለም። ጎረቤት ቢመጣ «እንዲህ ያለ አማች ይስጠኝ» ያሰኛል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ደግሞ ማታ ወዴት ይገባ እንደነበር ማየት የሚፈልግ፣ ወንዙን ተሻግሮ ማንሃተን ኦርቻርድ ስትሪት 97 ቁጥር ይሂድ፤ አሁን ሙዚየም ነው። በ1863 የተሠራ የኪራይ ሕንፃ ነው፤ አንዱ ቤት ሦስት ክፍል ሆኖ ጠቅላላ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሦስቱ ክፍል ወደ ውጪ የሚያይ መስኮት ያለው አንዱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ብርሃን የሚያገኙት በተራቸው፣ ከፊተኛው ክፍል የተረፈ ካለ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አንዳንዴም አልጋ የሚጋራ ተከራይ ያድሩበታል። የካርቶን ፋብሪካው ማማ በዚህ ልክ ቢሸነሸን ከሃያ ቤተሰብ በላይ ይይዛል፤ ያውም ሰዓቶቹ ሳይቆጠሩ።

የኒውዮርክ ግዛት በ1879 እያንዳንዱ መኖሪያ ክፍል መስኮት ይኑረው ብሎ ሕግ አወጣ። አከራዮቹም ሕግ አክባሪዎች ነበሩ፤ መስኮቱን ሠሩት፤ ግን በሁለት ሕንፃ መካከል ወደ ተተወች ጠባብ ጉድጓድ አወጡት። ጉድጓዷ የአየር መግቢያ ትሆናለች ሲባል የቆሻሻ መጣያና የጎረቤት ጠብ መስሚያ ሆነች። በ1901 ሌላ የጠበቀ ሕግ መውጣት ነበረበት። ለማሽን መስኮት ግን ማንም ሕግ ማውጣት አላስፈለገውም። ማሽኑ በጨለማ ቢያበላሽ ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ ሠራተኛው በጨለማ ቢታመም ኪሳራው የራሱ ነው።

እንግዲህ የሎፍት ምሥጢር ይኼ ነው። በዚያ ዘመን ከልብ ታስቦ የተሠራ ቤት ቢኖር የማሽኑ ነበር። ሀብታሙ መቶ ዓመት ቆይቶ ይህን ደረሰበትና ማሽኑ የለቀቀውን ቤት በሚሊዮን ዶላር ገዛው።

እርግጥ ቀድሞ የደረሰበት ሀብታሙ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ መሬት ወደሚረክስበት፣ የጭነት መኪና ደጃፍ ድረስ ወደሚገባበት ወደ ከተማ ዳር እየወጡ ሄዱ። በማንሃተን ሶሆ የሚባለው ሰፈር ባዶ ፎቆች ተደርድረውበት ቀሩ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከቃጠሎው ብዛት «የሲኦል መቶ ኤከር» ለማለት የሚቀርብ ስም አውጥተውለት ነበር። እዚያ የገቡት ሠዓሊዎችና ቀራጮች ናቸው። የሚፈልጉት ልክ ማሽኑ የፈለገውን ነው፤ ብርሃን፣ ስፋትና ድንጋይ የሚሸከም ወለል። ኪራዩም ርካሽ ነበር። ችግሩ አካባቢው ለፋብሪካ እንጂ ለመኖሪያ አልተፈቀደም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አልጋ የሚደበቅበት፣ ድስት የሚሰወርበት ኑሮ ሆነ። በ1961 ከከተማው ጋር በተደረሰ ስምምነት፣ ውስጥ ሠዓሊ እንደሚኖር የሚገልጽ ትንሽ ምልክት በራፍ ላይ እንዲለጠፍ ተፈቀደ፤ እሳት ቢነሣ አጥፊዎቹ ሰው መኖሩን እንዲያውቁ። በ1971 ደግሞ በሶሆ መኖር ሕጋዊ ሆነላቸው፤ ሆኖም ሠዓሊ ስለመሆናቸው ከከተማው ማረጋገጫ ማምጣት ነበረባቸው። ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «እውነትም ሠዓሊ ነህ» መባል ለሠዓሊ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል በየከተማው የታወቀ ነው። ሠዓሊው ይገባል፤ ሥዕል ሻጩ ይከተላል፤ ሥዕል ሊያይ የመጣው ቡና ይጠማዋልና ካፌ ይከፈታል፤ ካፌው ውስጥ ደላላው ይቀመጣል፤ ሠዓሊው ይወጣል። የዳምቦ ሠዓሊዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ እንደሚነገረው ከሆነ፣ ባለሀብት እንዳይመኘው ብለው ሰፈሩን ሆን ብለው ለጆሮ የማይጥም ስም አወጡለት። ክፉ ዓይን እንዳያየው ለልጅ መጥፎ ስም የሚያወጣ አገር ሰው ይህን ብልሃት ያደንቃል። ዴቪድ ዋለንታስ የሚባለው ባለሀብት ግን በስም አልደነገጠም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጌርን ሕንፃዎች በጅምላ፣ ሁለት ሚሊዮን ስኩዌር ጫማ የሚያህለውን፣ በ12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ከዚያ የአንዱ ሕንፃ አናት ብቻ ለብቻው ሲጠየቅበት የነበረው ዋጋ የጅምላውን እጥፍ ነው። ማሽኑ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ትርፍ አላተረፈም።

ለማሽን የተሠራ ቤት ውስጥ ሰው ሲገባ ግን ማሽኑ የማያውቃቸው ችግሮች ይነሣሉ። ማሽን አያኮርፍም። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ ቢያንስ የሚዘጋ በር ያስፈልጋል፤ በሩ ካልተወረወረ ኩርፊያው መጀመሩ በምን ይታወቃል? በሎፍት ውስጥ ያኮረፈ ሰው ሃያ ሜትር ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ሌላው ሲስቅ ያየዋል። ማሽን ቁሌት አያቁላላም። ግድግዳ በሌለበት ቤት የሽንኩርትና የበርበሬው ሽታ አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ካፖርቱን ሁሉ ተራ በተራ ይሳለማል፤ በማግሥቱ ባለቤቱ ቢሮ ከመድረሱ በፊት ወጡ ይደርሳል። ከሁሉም የባሰው ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው። በኛ ቤት ደወል ሲደወል የተዝረከረከውን በሙሉ አንስቶ መኝታ ቤት ወርውሮ መዝጋት የተለመደ ነው። ክፍት ቤት ውስጥ የተዝረከረከውን ወዴት ይወረውሩታል? ለእንግዳው «ታሪክ ያለው ልብስ ነው» ከማለት በቀር መላ የለውም።

አናት ላይ መኖርም ቢሆን ድሮ ክብር አልነበረም። ሊፍት ሳይመጣ በፊት ከላይኛው ፎቅ የሚገኘው ለደረጃው አቅም ያለው፣ ለኪራዩ አቅም የሌለው ሰው ነው። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 ኒውዮርክ ላይ በሕዝብ ፊት ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠና መድረኩ ሳይወድቅ መያዙን አሳየ። በ1857 የመጀመሪያው የሰው ሊፍት ብሮድዌይ ላይ የብርጭቆና የሸክላ ዕቃ በሚሸጥ መደብር ውስጥ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ከፍታና ክብር ታረቁ። እኛ ጋ ገና አልታረቁም። አራተኛ ፎቅ ዕጣ የደረሰው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ሊፍት በሌለው ደረጃ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሲወጣ «ፔንትሃውስ ደረሰህ» ቢባል፣ መልሱን የሚሰጠው ሲሊንደሩን ካወረደ በኋላ ነው።

የማማው ቤት መጨረሻ ምን ሆነ? በ25 ሚሊዮን ገዢ አላገኘም። ዋጋው በየጊዜው እየተቀነሰ ከዓመታት በኋላ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። አሥር ሚሊዮን ዶላር ማስቀነስ መርካቶ ውስጥም ተሰምቶ አይታወቅም። ገዢው ምናልባት የአክስቴን ዓይነት አማካሪ ይዞ ሄዶ ይሆናል፤ «ልስን የለውም፣ ኮርኒስ የለውም» እያሉ አንድ በአንድ ቢቆጥሩለት አሥር ሚሊዮን በቀላሉ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ የማወራው የሩቅ ዘመን ግፍ ለማስታወስ ብቻ አይደለም። ማሽንን አክብሮ ማኖር ዛሬም አልቀረም፤ ማሽኑ ብቻ ተለወጠ። በብዙ መሥሪያ ቤት ሰው በሙቀት ወረቀት እያራገበ ይሠራል፤ ኤሲ ያለው የሰርቨሩ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መጀመሪያ የሚደርስለት ለሰርቨሩ ነው። እኛ አገር በኩራዝና በሻማ የሚያመሹ ብዙ ናቸው፤ በቅርብ ዓመታት የመጡት የቢትኮይን ማሽኖች ግን ከግድብ የሚወጣውን መብራት ቀን ከሌት ያገኛሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያም፣ ላውደን በሚባለው ካውንቲ፣ የዳታ ማዕከሎች ሜዳውን ሞልተውታል። እያንዳንዳቸው ጠባቂ፣ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ጄኔሬተር አላቸው። ሁለት ሥራ ሠርቶ የቤት ኪራይ የሚከፍለው የኛ ሰው ታክሲውን እየነዳ በአጠገባቸው ያልፋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ እነሱም ይለቀቃሉ። ያን ጊዜ ሠዓሊ ይገባባቸዋል፤ ካፌ ይከተላል፤ ደላላውም ይደርሳል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ ያሁኑ ማሽን ብርሃን አይፈልግም፤ ስለዚህ ቤቱ መስኮት የለውም። ደላላው ግን በዚህ አይቸገርም። «ከ21ኛው መቶ ዘመን ሳይነካ የቆየ ጨለማ» ብሎ ይጽፍበትና ሃምሳ ሚሊዮን ይጠይቃል። ለልጅ ልጆቹ ጥሩ ቤት ማውረስ የሚፈልግ ሰው ካለ የሪል እስቴቱን ማስታወቂያ ትቶ ማሽን ዛሬ የት እንደሚያድር ያጣራ፤ ቀብዱን ግን መስኮት የሌለውን ቤት ሌሊት ገብቶ ሳያየው እንዳይከፍል።